በዚህ ቤት ውሃ አለ

ናንዶጎ ሰፈር ውሃ ማግኘቱን ቫሲቲ የሰማችው ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ውስጥ፣ ኬክ ሲቆረስ ነው። አለቃዋ ፕራኒታ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች፤ ግድግዳውን ከሞላው የከተማ ካርታ ላይ አንዱን ቀይ ምልክት ነቀለችና በቦታው አረንጓዴ ሰካች። ሰው አጨበጨበ። ከካርታው በላይ አሥራ ሰባቱ የዓለም ግቦች በየቀለማቸው ተደርድረዋል፤ ከስድስተኛው ግብ ሥር፣ ከውሃው ማለት ነው፣ «ስልሳ ስምንት በመቶ» ተብሎ ተጽፎ የነበረው ተሰርዞ «ሰባ አንድ» ሆነ። ኬኩ ከህንዶቹ ዳቦ ቤት በሃያ ሁለት ዶላር የተገዛ ነው፤ ለአሥራ አራት ሰው አፍ ማሟሻ ነው የሆነው። ቫሲቲ ድርሻዋን በወረቀት ይዛ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ሳለች፣ የመኪና ስምሪቱ ሰውዬ ወደ ፕራኒታ ጠጋ አለ። «እንግዲያው የናንዶጎን የውሃ ቦቴ ከነገ ጀምሮ ላንሳው?» አላት፣ አፉ ክሬም እንደያዘ። «አንሳው» አለች ፕራኒታ፤ «አረንጓዴ ሰፈር ቦቴ ምን ያደርግለታል?»

ቫሲቲ ኬኩን ከነወረቀቱ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ናንዶጎን ቤት ለቤት ዞራ የጠየቀችው ራሷ ናት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከየሰፈሩ አሥራ ሁለት ቤት በዕጣ ይወጣል፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ «ንጹሕ ውሃ ቀድተን ለመመለስ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ አይፈጅብንም» ካሉ ሰፈሩ አረንጓዴ ነው። ናንዶጎ ያመጣው ልክ ዘጠኝ ነው። ስምንቱ ቤቶች ከኮረብታው ማዶ አስፋልት ዳር ያሉ፣ በካርታ ላይ ብቻ ናንዶጎ የሆኑ የሲሚንቶ ቤቶች ናቸው፤ የእነሱ ቧንቧ ቆጣሪም ቁልፍም አለው፣ ውሃም ይወርድበታል። ዘጠነኛው ቤት ከታች፣ ከባሕሩ ዳር ካለው ረግረግ ላይ በእንጨት እግር የቆመው የአፒሳይ ቤት ነው። አፒሳይ ደግሞ ወንድሟ ነው፤ የእናቷ እህት ልጅ ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ ግን የእናት እህት ልጅ ከወንድም ሌላ ስም የለውም። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው ያደጉት። ቫሲቲ አሥራ አንድ ዓመት ከሞላት ወዲህ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ቃል በቀጥታ አልፎ አያውቅም። እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ አይነጋገሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ይህ ጥል አይደለም፣ ክብር ነው። የሚባል ነገር ካለ በሚስት ወይም በእናት በኩል ይባላል፤ ሚስትም እናትም ከሌሉ ሆድ ይፍጀው ይባላል።

ከሦስት ሳምንት በፊትም የሆነው ይኸው ነው። ቅጹ አባወራው ራሱ ይመልስ ይላል፤ አባወራው ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ተጋድሞ ነበር። ቫሲቲ «ውሃ የምትቀዱበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል?» ብላ የአፒሳይን ሚስት ጠየቀች፤ ሚስትየው ጥያቄውን ወደ መጋረጃው አሻገረች፤ መጋረጃው «ቧንቧው ደጃችን ላይ ነው በያት» አለ። ውሸት አይደለም። ከበራፉ አሥር እርምጃ ላይ ቧንቧ አለ፤ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ፣ ከደረቀ አሥራ አራት ወሩ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «ባለፈው ሳምንት ውሃ መጥቷል?» የሚል ነበር። ወንድም አንዴ ከመለሰ እህት ቃሉን እንደተጠራጠረ ሰው መልሳ አትጠይቅም። ቫሲቲ አልጠየቀችም። አንዲት ቤት ምን ታመጣለች ብላ ታብሌቷ ላይ «አዎ» የሚለውን በገዛ ጣቷ ነካችው።

«ሚስ ፕራኒታ፣ ናንዶጎ ላይ አንድ ቤት ተሳስቻለሁ» አለች፣ ሰዉ ወደየጠረጴዛው እስኪበተን ጠብቃ።

ፕራኒታ ቢላውን እየጠረገች ቀና አለች። «ተሳስቻለሁ ስትዪ?»

«ቧንቧው ደረቅ ነው። አዎ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ፕራኒታ መልሱን ሳትጠብቅ ዝርዝሩን ከፈተች። ፕራኒታ ህንድ ብትሆንም እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ የቤቱን አባወራ ስም ከዝርዝሩ ላይ ስታነብ ነገሩ ገባት። ክፉ ሴት አይደለችም። ባለፈው ዓመት የቫሲቲ ደመወዝ ሲዘገይ ከኪሷ መቶ ዶላር ያበደረቻት እሷ ናት። ነገር ግን ሰንጠረዡ ውስጥ «ወንድሜ ስለሆነ» የሚል ሳጥን የለም። «ዘጠኙ ስምንት ከሆነ ሰፈሩ ቢጫ ነው፣ ቦቴውም ይቀጥላል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ደስ ይለኛል። ግን ማስተካከያውን አባወራው ራሱ በጣቱ መፈረም አለበት፣ ታብሌቱ ላይ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት። አሥር ሰዓት ላይ የዓመቱ መዝገብ ራሱ ይዘጋል። የሚዘጋው ማሽን እዚህ አገር እንኳን አይደለም ቫሲቲ፤ ብለምነውም አይሰማኝም።» ከዚያ ከኬኩ የተረፈውን ቁራሽ በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋችላት። «ለአክስትሽ አድርሺላቸው» ካለች በኋላ የአክስቲቱ ስኳር በሽታ ትዝ አላትና እጇን ሰበሰበች።

አውቶቡስ ከመሳፈሯ በፊት ቫሲቲ ወደ ገበያው ጎራ አለች። ወደ ሰው ቤት ለጉዳይ ሲኬድ ያንጎና ሳይያዝ አይኬድም፤ ሥሩ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ያንጎና ጉዳይ መክፈቻ ነው። ሻጯ ሴትዮ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ትንሹን እፍኝ አሥራ ሁለት ዶላር አለቻት። «ባለፈው ወር አሥር አልነበረም እንዴ?» ስትላት፣ «ባለፈው ወር ዝናብ ነበረ» አለቻት ሻጯ። እውነቷን ነው፣ ዝናብ ካየን ሦስት ሳምንት አልፎናል፤ ከየጣሪያው ሥር የተደረደሩት በርሜሎች ታችኛቸው መታየት ጀምሯል። ቫሲቲ የታሸገ ዓሣ በሦስት ዶላር ከሠላሳ፣ ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ሁለት ጥቅል ፋሻ በአራት ዶላር ገዛች። አውቶቡሱ መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ ነፋሱ ፊቷ ላይ እየመጣ፣ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ የምትለውን በልቧ ደጋገመች። አንዱንም ለወንድሟ በቀጥታ ልትለው እንደማትችል ታውቃለች። እንዲህ ያለ ጉዳይ በሰው አፍ ሲያልፍ ግማሹ መንገድ ላይ እንደሚቀርም ታውቃለች።

ወደ አፒሳይ ቤት የሚያስገባው በጭቃው ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነው። ከሳንቃው መጨረሻ ላይ ቧንቧው ቆሟል፤ ሲመረቅ የተቀባው ሰማያዊ ቀለም አሁንም አለ። ከአንገቱ እስከ ዳቦ ፍሬው ዛፍ ድረስ ገመድ ተወጥሮ የልጆች የትምህርት ቤት ሸሚዝ ተሰጥቶበታል፤ የሸሚዞቹ አንገትጌ በደንብ ስላልታጠበ ቢጫ መልክ ይዟል። የአፒሳይ ሚስት የሎሳሊኒ ድምፅ ቫሲቲ ሳንቃው ላይ ሳለች ነው የተቀበላት። እኛ ዘንድ ከወንድም ጋር ዝም ያለች ሴት ከወንድሟ ሚስት ጋር ያሻትን ትሳደባለች፤ አፍ የተከለከለውን የሚያካክሰው በዚያ ነው።

«ኧረ መንግሥት መጣች! ጫማዋን ተቀበሏት፣ ጭቃችን እንዳይነካት!» አለች ሎሳሊኒ በር ላይ ቆማ። «አንቺ፣ ባል አጥተሽ ይሄን ታብሌት አቅፈሽ ነው ልታረጂ?»

«አንቺ ባል አግኝተሽ ምን አተረፍሽ? ጀሪካን ተሸካሚ ሆንሽ!»

«ብሸከምም በሰው እታቀፋለሁ። ያንቺው ማታ ማታ ቻርጅ ይፈልጋል!»

ሁለቱም ሳቁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሙሉ ምንጣፍ፣ መሃሉን አበባ ያለበት መጋረጃ ከፍሎታል። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አለ፤ የዕቃ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ የሆነው አፒሳይ ቀን የሚተኛው እዚያ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አክስቷ ቲሊያና እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቫሲቲን እንደ ልጃቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የቀኝ እግራቸው ሁለት ጣት ባለፈው ዓመት ተቆርጧል፤ አሁን ደግሞ ከተቆረጠው አጠገብ ሌላ ቁስል አፉን ከፍቷል። ነርሷ በየጊዜው የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ከቆሸሸ የሚቆረጠው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። ቦቴው ሰኞና ዓርብ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ጀሪካን የሳቸው እግር ናት፤ ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ አይነኳትም። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ የቧንቧው ምርቃት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አፒሳይ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ፣ የያንጎና ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሪባን ከታሰረበት ቧንቧ ጎን ቆሟል። በሕይወቱ ፎቶ ላይ ሲስቅ የታየው ያኔ ብቻ ነው።

ቫሲቲ በጉልበቷ ተቀመጠችና ያንጎናውን ምንጣፉ ላይ አኖረች፣ የሚባለውንም ዝቅ ባለ ድምፅ አለች። ከመጋረጃው ወዲያ ሦስት ጊዜ፣ በጎደጎደ መዳፍ፣ ማጨብጨብ ተሰማ። አፒሳይ ነቅቷል ማለት ነው፤ ስጦታውም ደርሶታል። ቫሲቲ ፊቷን ወደ ሎሳሊኒ አዞረች፤ ድምጿ ግን ለሎሳሊኒ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ያለ ነበር።

«ለወንድሜ ንገሪልኝ» አለች። «ያን ጊዜ የመጣሁ ዕለት መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ቧንቧው ደረቅ መሆኑን ዛሬ ከአሥር ሰዓት በፊት ካልፈረመ፣ ከነገ ጀምሮ ቦቴ አይመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አይመጣም። አረንጓዴ ሆናችኋል።»

«ምን ሆነናል?»

«አረንጓዴ።»

ሎሳሊኒ ክንዷን አገላብጣ አየችው። ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ቀልዱ መንገድ ላይ ቀረባት። ወደ መጋረጃው ዞራ ሁሉንም ቃል በቃል ደገመችው፤ መጋረጃውም አሁን እንደሰማ ሆኖ ሰማ።  ከወለሉ ሥር ባሕሩ ሲመጣ ጭቃው የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ቅዳሜ ቧንቧውን የሰጡን እንግዶች ይመጣሉ በያት» አለ አፒሳይ በመጨረሻ። «ቧንቧው ላይ የሚሰቀል የመታሰቢያ ሰሌዳ ይዘው። አሳማው ተገዝቷል፣ ሃያ ቤት አዋጥቶ ነው የገዛው። አዛውንቶቹ የሚናገሩትን ተካፍለዋል።»

ሎሳሊኒ ደገመች። ቫሲቲ በጆሮዋ ያልሰማች መስላ አዳመጠች። «ሰሌዳውስ ይጠጣል ወይ በይው።»

«ሰሌዳው ይጠጣል ወይ ትላለች።»

«ይህን ቧንቧ በሰፈሩ ስም የተቀበልኩት እኔ ነኝ በያት» አለ መጋረጃው፤ ድምፁ አልጨመረም፣ ግን ጠነከረ። «ተንበርክኬ ነው የተቀበልኩት፤ ጽዋውን ጠጥቼ፣ አጨብጭቤ፣ እናመሰግናለን ብዬ። በተሰጠኝ ነገር ላይ ጎደለ ብዬ በጣቴ አልፈርምም። ሰው ሰጥቶህ ሲያበቃ ባዶ ነው ብለህ መልሰህ ፊቱ ላይ አትወረውርም። ሰው ምን ይለናል?»

ይህን እኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ሄደን ስኳር ተበድረን «ሞልቶናል» የምንል ሰዎች ነን። ድሃ ነን እንጂ ለማኝ አይደለንም እያልን፣ ድህነታችን በየትም መዝገብ ሳይገባ ይኸው እንኖራለን። የሚቆጥሩን ሰዎችም የነገርናቸውን ይጽፋሉ፤ ምን ያድርጉ? ቫሲቲ በአፒሳይ አልፈረደችም። በገዛ ጣቷ ግን ፈረደች፤ ያን ዕለት «አዎ» የሚለውን የነካችውን ጣቷን ሌባ የያዘች ይመስል በሌላው እጇ ጨምቃ ይዛው ነበር።

«ተዪው ልጄ» አሉ አክስቷ። «ለኔ እግር ብላችሁ ሰውን አታዋርዱ። እግር ድሮም ያረጃል።»

ቫሲቲ ተነሥታ ጥግ ወዳለው በርሜል ሄደችና ክዳኑን አነሣች። ከታች ሁለት ጣት የምትሞላ ውሃ፣ የዛገ መልክ ያላት፣ አንድ የሞተች ትንኝ ተንሳፋባት ተኝታለች። ጠዋት እግራቸው በምን እንደታጠበ ጠየቀች። ሎሳሊኒ አቀረቀረች፤ አክስቷ «አልቆሸሸም እኮ፣ ለነገ ይቆያል ብዬ ነው» አሉ። ቫሲቲ ተንበርክካ ፋሻውን ፈታች። ሽታው ወጣ። የቁስሉ ጠርዝ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀይ ነበር፤ አሁን ጠቁሯል። አክስቷ ጣሪያውን እያዩ ስለ ካሳቫ ዋጋ ያወሩ ጀመር፤ አንዱ ክምር አምስት ዶላር ገብቷል፣ ያውም ክምሩ ድሮ ከነበረው ግማሽ ነው። ቫሲቲ ፋሻውን ለቀቀች። የምታደርገውን ሳታስበው ፊቷን ወደ መጋረጃው መለሰች።

«አፒሳይ» አለች። «ወንድሜ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ፈርም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሎሳሊኒ አፏን በእጇ ያዘች። አክስቷ የካሳቫውን ወሬ እመሃሉ ላይ አቋረጡት። ቫሲቲ ስሙን ከጠራችው ሃያ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ያኔ ዛፍ ላይ ወጥቶ «ውረድ፣ ትወድቃለህ» ብላ ነበር የጠራችው። አሁን ያለችውን መልሳ ልትውጠው ብትችል ትውጠው ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ጮኸ። ልብስ ሲለበስ ተሰማ። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና አፒሳይ ወጣ፤ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ በሯን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፋት። ማንንም አላየም። ከበሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አነሣና ወጣ። ሳንቃው ከክብደቱ የተነሣ ሲያቃስት እስኪርቅ ድረስ ሰሙት። ታብሌቱ ላይ ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ ይላል።

ናንዶጎ ውስጥ ጎልማሳ ወንድ በጠራራ ፀሐይ ጀሪካን ይዞ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። የሰፈሩ አስተባባሪ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ፣ በፎቶው ላይ ጽዋ የያዘው ሰውዬ ደግሞ ጭራሽ። ሎሳሊኒ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችው። «በላይኛው መንገድ ነው የሄደው» አለች፤ «ሁሉም ቤት በራፍ ላይ ነው የሚያልፈው። ሴቶቹ ልብስ ማጠቡን ትተው ቆመዋል።» ከዚያ አንገቷን ከመስኮቱ መለሰች። «ማደያው ጋ ነው የሚሄደው። ሌላ የት አለና?» ነዳጅ ማደያው ከኮረብታው ማዶ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ቧንቧው ጋ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ፣ ዛሬ ደግሞ የቦቴው ወሬ ከቫሲቲ ቀድሞ ሳይደርስ አይቀርም።

ሦስቱ ሴቶች ተቀመጡ። ሎሳሊኒ የሎሚ ቅጠል ሻይ ላፍላ ብላ ተነሥታ፣ በርሜሉን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ቫሲቲ የታሸገውን ዓሣ ከፈተች፤ ከቀዘቀዘ ካሳቫ ጋር ቀረበ፤ ማንም አልበላም። ስምንት ሰዓት ሆነ። አክስቷ ስለ ቫሲቲ እናት አንድ ነገር ማውራት ጀምረው ተዉት። ቫሲቲ አውቃ የቆጠረችው አይደለም፤ ሥራዋ ሆኖባት ግን ዓይኗ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱ ላይ ያርፋል። ስምንት ከሩብ፤ ማደያው ጋ ደርሷል። ስምንት ተኩል፤ ሰልፍ ላይ ነው። ዘጠኝ፤ ገና ሰልፍ ላይ ነው፣ ወይም ሰው አይቶት ያወራዋል። ቅጹ ላይ «ሠላሳ ደቂቃ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ራሷም አታውቅም፤ ሠላሳ ደቂቃ ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገብቷት አያውቅም ነበር። ሎሳሊኒ አንዴ ብቻ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ «በስሙ ባትጠሪው ጥሩ ነበር» አለች። ወቀሳ አልነበረም፤ ስለዚህ የባሰ አመማት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሳንቃው አቃሰተ። አፒሳይ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሸሚዙ ከደረቱ ላይ ተጣብቋል፣ የጀሪካኑ ማንጠልጠያ መዳፉን ልጦታል። አንድ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጅቶበታል። ከተማው ባለው ካርታና ቀለም ሁሉ ለክቶት የማያውቀው ልክ ይኸው ነው፤ ቫሲቲ በደቂቃው ታውቀዋለች፣ ግን የሷ ማወቅ የትም አይገባም። አፒሳይ አንዱን ጀሪካን ከእናቱ እግር ሥር አኖረ፤ ሳፋውን ራሱ አምጥቶ እስከ ግማሹ ቀዳለት። ሁለተኛውን ወስዶ ከመጋረጃው ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ጀርባውን ለቫሲቲ ሰጥቶ፣ ሚስቱን እያየ፣ ትንፋሹ ሳይመለስለት ተናገረ።

«ንገሪያት» አለ። «በዚህ ቤት ውሃ አለ።»

ሎሳሊኒ አልደገመችውም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ባሏን ብቻ አየችው። አፒሳይ ከመጋረጃው ወዲያ ገባ፣ አልጋው ጮኸ። ታብሌቱ ምንጣፉ ላይ፣ ጣት የሚጠብቀው ነጭ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። ሎሳሊኒ በጉልበቷ ተሳበችና ወደ ቫሲቲ ጆሮ ተጠጋች። «አንቺው ፈርሚው» አለች በሹክሹክታ። «ጣት ጣት ነው፣ ማን ያውቃል? ያን ዕለትስ አንቺው አይደለሽ?» ቫሲቲ ጣቷን ዘረጋች፤ ሳጥኑ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አንዴ በእሱ ፈንታ ዋሽታለች። አሁን በእሱ ፈንታ እውነቱን ብትናገር፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው የተሸከመውን ውሃ ከነጀሪካኑ መድፋት ነው። ባትናገር ደግሞ ነገ ማን ይሸከማል? ከነገ ወዲያስ? ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው እንዳልተኛ ታውቃለች፤ እሱም እሷ ምን እያደረገች እንደሆነ ያውቃል። አንዱ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። እሷ የነበራትን ቃል አስቀድማ ጨርሳዋለች፤ የሱን ደግሞ ከደጅ ይዞት መጥቷል። ጣቷን ሰበሰበችና የአክስቷን እግር ሳፋው ውስጥ አስገባች።

ቁስሉን ቀስ እያለች፣ ከጠርዙ ጀምራ አጠበችው። አክስቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ውሃው መጀመሪያ ሮዝ መሰለ፣ ከዚያ ደፈረሰ። ታብሌቱ አንዴ ድምፅ አሰማ፤ ቫሲቲ እጇ እርጥብ ስለሆነ አልነካችውም፣ አንገቷን ብቻ አዞረች። «የዓመቱ መዝገብ ተዘግቷል። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» ይላል። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል እየተሽከረከረች ነው። ሳፋው ስለደፈረሰ ሎሳሊኒ ለመለቅለቂያ ንጹሕ ልጨምር ብላ ወደ ሁለተኛው ጀሪካን እጇን ስትሰድ፣ መጋረጃው ተናገረ።

«ያኛው አይነካ። የቅዳሜ እንግዶች ያንጎና የሚበጠበጥበት ነው።»

ሎሳሊኒ እጇን መለሰች። ቫሲቲ የመጀመሪያውን ጀሪካን አነሣችና ወዘወዘችው፤ የቀረው ለልጆቹ እራት ቢበቃ ነው። አክስቷ እግራቸውን ከሳፋው አወጡ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁትና ለፋሻው ዘረጉላት። ቫሲቲ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ጠቀለለችላቸው፤ ከዚያ ሳፋውን አንሥታ ለመድፋት ወደ በሩ ሄደች።

«ኧረ አትድፊው ልጄ» አሉ አክስቷ። «ለማታም ያገለግላል።»